«ቁጥሬ 36 ነው» ላለችው እህት፦ የጡት ማስያዣ ልክ የሚጀምረው ከጡት ሥር ነው

ጠያቂዋ ጎንደር፣ አዘዞ የምትኖር እናት ናት፤ ልጇን ጡት ካስጣለች ሰባት ወር ሆኗታል። እንዲህ ብላለች፦ «ሁልጊዜ የምገዛው 36 ቢ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ለክተው የነገሩኝም እሱን ነው። ከኋላ ወደ ላይ ይወጣብኛል፣ ማንጠልጠያው ትከሻዬን ይቆርጠኛል፣ ሽቦው ብብቴ ሥር ይወጋኛል። ሁለት ወር ሳይሞላው ደግሞ ይላላል። ቤት ስለካ ከጡቴ ሥር 74፣ ጡቴ ላይ 93 ሴንቲ ሜትር ነኝ። ገበያ ላይ ለብሶ መሞከር የለም። ምን ልግዛ? እንዴትስ ላቆየው? ሽቦ ያለው ካንሰር ያመጣል የሚሉትስ እውነት ነው?»

እህቴ፣ ሁለቱን ልኬቶች መጻፍሽ ሥራውን አቅልሎታል። 93 ሴንቲ ሜትር በኢንች ሲመነዘር 36 ተኩል ግድም ነው። የነገሩሽ 36 ከዚያ የመጣ ይመስላል፤ ሜትሩን በጡትሽ ላይ አዙረው ያገኙትን ቁጥር ሰጥተውሻል ማለት ነው። ይህ ብዙ ቦታ የሚሠራ ስሕተት ነው። ጡት ማስያዣ ላይ የሚጻፈው 34፣ 36 ወይም 38 የሚለው ቁጥር ግን የጡትን መጠን አይናገርም። የሚናገረው ከጡት ሥር ያለውን የደረት ዙሪያ ነው። 36 ተብሎ የተሰፋው ከጡቷ ሥር ከ78 እስከ 82 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ነው። አንቺ 74 ነሽ። ከዘረዘርሽው ችግር አብዛኛው፣ መላላቱም በከፊል፣ ከዚህ ይነሣል።

የጡትን ክብደት መሸከም ያለበት ማንጠልጠያው አይደለም፤ ደረትሽን የሚዞረው ቀበቶ ነው። ቀበቶው ሲሰፋ ቆዳን አይዝም፤ ከፊት ጡት ወደ ታች ሲጎትተው ከኋላ ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ማንጠልጠያው ይዞራል፣ ትከሻሽንም ይቆርጣል። ሰው እንደሚያደርገው ማንጠልጠያውን ስታሳጥሪው ደግሞ ከኋላ ይበልጥ ትስቢዋለሽ፣ ነገሩም ይብሳል። የሽቦው መውጋት ሌላ ምክንያት አለው፦ ካፑ፣ ማለትም ጡቱ የሚገባበት ክፍል፣ ጠቦሻል። ጡቱ ካፑ ውስጥ ስላልገባ ሽቦው ከጡቱ ዙሪያ ማረፍ ሲገባው በጡቱ ሥጋ ላይ ያርፋል፣ ጫፉም ወደ ብብት ይገፋል። ስለዚህ አሁን የምትለብሽው ቀበቶው ሰፊ፣ ካፑ ጠባብ ነው። አንድ ልብስ በአንድ ጊዜ ሊሰፋም ሊጠብም መቻሉ ነው ብዙዎችን የሚያሳስተው።

የካፑ ፊደል የሚገኘው ከላይኛው ልኬት የታችኛውን በመቀነስ ነው፤ ያንቺ 93 ሲቀነስ 74፣ 19 ይሆናል። በአውሮፓ አለካክ ልዩነቱ ከ12 እስከ 14 ከሆነ ኤ፣ ከ14 እስከ 16 ቢ፣ ከ16 እስከ 18 ሲ፣ ከ18 እስከ 20 ዲ፣ ከ20 እስከ 22 ኢ ነው። ቀበቶው ደግሞ በ5 በ5 ያድጋል፤ ከ73 እስከ 77 የሆነች 75 ትለብሳለች። ስለዚህ ልክሽ 75 ዲ ነው።

«ዲ» ሲባል ብዙ ሴት ትደነግጣለች፤ ዲ የሚለብሱት በጣም ትልቅ ጡት ያላቸው ብቻ ይመስላታል። ፊደሉ ብቻውን ምንም አይናገርም። የ75 ዲ ካፕ ከ80 ሲ እና ከ85 ቢ ካፕ ጋር የሚይዘው እኩል ነው፤ ቀበቶው አንድ ደረጃ ሲጠብ ፊደሉ አንድ ይጨምራል። አሁን የምትለብሽው 36 ቢ በአውሮፓ 80 ቢ ነው፤ ካፑ የ75 ሲ ያህል ነው። አንድ ደረጃ ጎድሎሻል።

ገበያ ላይ የሚያደናግረው የቁጥሩ ዓይነት መብዛቱ ነው። 75፣ 34 እና 90 አንድ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፦ 75 የአውሮፓ፣ 34 የእንግሊዝና የአሜሪካ፣ 90 የፈረንሳይ ነው፤ ፈረንሳዮች በአውሮፓው ቁጥር ላይ 15 ይጨምራሉ። ከአውሮፓ በሚመጣ ልብስ ላይ ሦስቱም ጎን ለጎን ታትመው ታገኛለሽ፤ 90ውን ዓይተሽ «በጣም ሰፊ ነው» ብለሽ እንዳትተዪው። ከቻይና የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ «34/75» ተብሎ በሁለቱም ይጻፋል፣ ነገር ግን ፊደሉ ከአውሮፓው ያነሰ ነው። በእነሱ ኤ ማለት 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው፣ ቢ 12.5፣ ሲ 15፣ ዲ 17.5፣ ኢ 20። ያንቺ 19 በዚህ አቆጣጠር ከዲ ወደ ኢ ይጠጋል። ፊደል የሌለው፣ 34 ወይም 36 ብቻ የተጻፈበት ብዙውን ጊዜ በቢ መጠን የተሰፋ ስለሆነ ላንቺ አይሆንም፤ በርካሽም ቢገኝ አትግዢው።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ልኬቱን አንድ ጊዜ ድገሚው። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ ከማስመሪያ ጋር አስተያይተሽ ትክክል መሆኑን እይ። የታችኛውን ልኬት ስትወስጂ ልብስሽን አውልቀሽ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ፣ ሜትሩን ከጡትሽ ሥር በደንብ ጠበቅ አድርጊው፤ ከኋላም ከፊትም እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን በመስተዋት ወይም በሰው አረጋግጪ። የላይኛውን ስትወስጂ ግን አታጥብቂ፤ ሜትሩ ቆዳውን ነክቶ ብቻ ይለፍ። ካጠቡ በኋላ ጡት ስለሚለሰልስና ወደ ታች ስለሚያዘነብል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ መለካት ልዩነቱን ያሳንሰዋል። አንዴ ቆመሽ፣ አንዴ ደግሞ ከወገብሽ ጎንበስ ብለሽ ለኪና የሁለቱን አማካይ ያዢ። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ባለው ሳምንት ጡት ስለሚያብጥ ያን ጊዜ አትለኪ። ጡት ካስጣልሽ ሰባት ወር መሆኑ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት መጠኑ ስለሚለዋወጥ ያኔ የሚገዛው ጡት ማስያዣ ብዙም ሳይቆይ ልክ ያልሆነ ይሆናል።

ቅዳሜ ገበያም ሆነ ፒያሳ መሞከር ካልተቻለ የሚረዳሽ አንድ ክር ነው። የማይለጠጥ ክር ወስደሽ 74 ሴንቲ ሜትር ላይ ቋጥሪውና ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው። ጡት ማስያዣውን ከፍተሽ ከአንዱ ጋንቾ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን ርዝመት ከክሩ ጋር አስተያዪ። ሳይለጠጥ ከክርሽ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማጠር አለበት። ከዚያ በሁለት እጅሽ ወጥሪው፦ የክሩ ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ገና ኃይል ሊኖረው፣ ወደ እጅሽ መልሶ ሊስብ ይገባል። ሳይወጠር ክሩን የሚያህል ከሆነ ይሰፋሻል። እስከ መጨረሻው ሲወጠር 74 የማይደርስ ከሆነ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥርሻል። ወጥረሽ ስትለቂው ወዲያው ካልተመለሰ፣ ጠርዙ ከተጨማደደ፣ ወይም ውስጡ የሚሰነጠቅ ዓይነት ድምፅ ካሰማ ላስቲኩ ሞቷል። ሰልባጅ ላይ ይህን ፈተና አትዝለዪ፤ ጨርቁና ዳንቴሉ አዲስ መስሎ ላስቲኩ ግን ያለቀ ብዙ አለ። ሽቦውንም በጣትሽ ዙሪውን ዳብሺው፤ የታጠፈ ወይም ጫፉ ጨርቁን ሊበሳ የደረሰ ካለ ተዪው። ጋንቾው ሦስት ደረጃ ያለው ከሁለቱ ይሻላል፤ ቀበቶውም ጎን ላይ ሰፋ ያለው ለዲ ካፕ የተሻለ ይይዛል።

ቤት ስትገቢ መለያውን ሳትቆርጪ ሞክሪው፤ ሻጩ መልሶ ይቀይርልሽ እንደሆነ ስትገዢ አስቀድመሽ ጠይቂ። አዲስ ሲሆን ጋንቾው የሚያያዘው በመጨረሻው፣ በጣም በሚሰፋው ዓይን ላይ ነው። ቀበቶው ከጊዜ በኋላ ሲላላ ወደ ውስጠኛው ዓይን የምታጠብቂበት ቦታ እንዲኖርሽ ነው። አዲሱን ከጅምሩ በጣም በሚጠበው ዓይን የምትይዥ ከሆነ ተሳስተሽ ገዝተሻል። ከለበስሽው በኋላ ጎንበስ በይ፤ እጅሽን ካፑ ውስጥ አስገብተሽ ከብብት በኩል ያለውን የጡት ሥጋ ወደ ፊት ሰብስቢውና ቀና በይ። ይህን ሳያደርጉ የሚፈትሹ ሴቶች ብብታቸው ሥር የቀረውን ጡት እንደ ስብ ይቆጥሩታል፤ ካፑም ልክ ይመስላቸዋል።

አሁን መስተዋት ፊት ቁሚ። ቀበቶው ከኋላ ከፊቱ ጋር አንድ መስመር ላይ ሆኖ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት። በሁለቱ ካፖች መካከል ያለው ክፍል የደረት አጥንትሽን ነክቶ ይተኛ፤ ከደረትሽ ተነሥቶ ከቆመ ካፑ ትንሽ ነው። ሽቦው የጡትሽን ሥር ተከትሎ ይዙር፣ ጫፉ ከጡቱ ውጭ ይረፍ። ካፑ ጠርዝ ላይ ጡት ለሁለት ተከፍሎ ከወጣ ጠቦሻል፤ ካፑ ላይ ጨርቁ ቢሸበሸብ ግን ለመፍረድ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ማንጠልጠያውን አስተካክዪ፣ ከዚያም ጡቱን እንደገና ሰብስበሽ እይ። የማንጠልጠያው ልክ አንድ ጣት የሚያስገባ ነው። ሁለቱ ጡቶች እኩል ካልሆኑ፣ ብዙ ሴት እንደዚያ ስለሆነች፣ ለትልቁ ግዢና በትንሹ በኩል ማንጠልጠያውን ጥቂት አሳጥሪ። መጨረሻ ላይ ማንጠልጠያዎቹን ከትከሻሽ አውርጂያቸው። ቀበቶው ባለበት ከቆየና ካፑ ብዙ ካልወረደ ሸክሙን ቀበቶው ይዞታል። እጅሽን ሽቅብ አንሺ፣ ተቀመጪ፣ ጎንበስ በይ፤ ሊጥ ስታቦኪ ወይም ልጅ ስታነሺ የሚሸሽ ከሆነ ጠዋት የተመቸው ከሰዓት በኋላ ያማርርሻል።

75 ዲ ፈልገሽ ካጣሽ፣ ጎንደር ላይ ሊሆን የሚችለው ይኸው ነው፣ 80 ሲ ግዢና ቀበቶውን ለልብስ ሰፊ ስጪ። ካፑ ያው ስለሆነ ካፑ አይነካም። ከሁለቱም ጫፍ ጋንቾውና ዓይኑ የተሰፉባቸው ጨርቆች ይፈታሉ፣ ከእያንዳንዱ ክንፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል፣ ጨርቆቹ ተመልሰው ይሰፋሉ። ከአንድ ወገን ብቻ 5 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ ቀላል ይመስላል፣ ግን መዝጊያው ከጀርባሽ መሃል ወደ ጎን ይሄዳል፣ አንዱ ማንጠልጠያም ከሌላው ይልቅ ወደ መሃል ይጠጋል። ሰፊው ከመቁረጡ በፊት ክንፉ በእጅ ስፌት ለጊዜው ታጥፎ ይያዝና ልበሺው። የኋላ ማንጠልጠያው ክንፉ ላይ የተሰፋበት ቦታ ከጋንቾው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ካልራቀ ይህ ሥራ አይቻልም። ክንፉ ወደ ካፑ ሲጠጋ ስለሚሰፋ፣ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ከጋንቾው ጨርቅ ቁመት ይበልጣል፤ ትርፉን ከላይኛው ጠርዝ ቀስ በቀስ እያጠበቡ ማውረድ ያስፈልጋል፣ አጨማዶ መክተት ግን ጀርባሽን ይፈገፍገዋል። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሠራ መኪና ለዚህ ይበቃል፤ መለጠጡ ወደ ጎን ሲሆን ይህ ስፌት ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ ክሩ አይበጠስም። የቀበቶውን ላስቲክ ራሱን መቀየር ከተፈለገ ግን ዚግዛግ የግድ ነው። በቀጥታ ስፌት የተሰፋ ላስቲክ መጀመሪያ በተለጠጠበት ቀን ክሩ ይበጠሳል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን።

ሁለት ወር ሳይሞላ መላላቱን በተመለከተ፣ ግማሹ ምክንያት ከጅምሩ ሰፊ መሆኑ ነው። ሌላው አስተጣጠቡና አሰጣጡ ነው። የሚለጠጠው ክር ሙቀትን፣ በረኪናንና ጠንካራ ፀሐይን አይወድም። በረኪና ነጩን ጡት ማስያዣ ያነጣል ተብሎ ይጨመራል፤ የሚለጠጠውን ክር ግን ቢጫ ያደርገዋል፣ ያደርቀዋልም። ለሁለት ወይም ለሦስት ጡት ማስያዣ 4 ሊትር ለብ ያለ ውኃና አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ጋንቾውን ቆልፊው፣ ካልሆነ ዳንቴሉን ይቀደዋል። 10 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ ኦሞ ውስጥ አታሳድሪው። ከዚያ ላብ የሚይዙትን ቦታዎች፣ የቀበቶውን ውስጥና ከብብት በኩል ያለውን፣ በጣትሽ ፈትጊ፤ ካፑን በጡጫ ማሸት ስፖንጁን ያጣምመዋል። ሁለት ጊዜ በ3 በ3 ሊትር አለቅልቂው። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰፈር ይህ አንድ ጀሪካን አይጨርስም፤ የለቀለቅሽበትም ለወለል ይሆናል። ፀጉርሽን ቅቤ የምትቀቢ ከሆነ ማንጠልጠያው ላይ የወረደውን ቅባት ውኃ ሳይነካው በፊት ላርጎ ቀብተሽ 5 ደቂቃ አቆዪው። ቅባት የጎማ ላስቲክን ያለሰልሰዋል፣ ኦሞ ብቻውንም በደንብ አያነሣውም።

አትጭመቂው። በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚውና ውኃውን ፎጣው ይጠጣ። ሲሰጣ በማንጠልጠያው አይንጠለጠል፤ ውኃ የያዘ ስፖንጅ ከባድ ስለሆነ ማንጠልጠያውን እየሳበ ያረዝመዋል። በሁለቱ ካፖች መካከል ባለው ክፍል ገመዱ ላይ አጋድሚው። ብዙ ሰው በአላፊ አግዳሚ እንዳይታይ ከነጠላ ወይም ከቀሚስ ሥር ደብቆ ያሰጣዋል፤ በክረምት ይህ እርጥበቱን ያምቀዋል፣ ስፖንጁም ይሻግታል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ከሰው ዓይን ለመከለል ከሆነ ነፋስ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ገመድ ወጥሪለት። ከፀሐይም ጥላ ይሻለዋል፤ የደጋው ፀሐይ ጨረር ላስቲኩን በጥቂት ወር ያደርቀዋል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ወይም መተኮስ ደግሞ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ስፖንጅ ያለውን ስታስቀምጪ አንዱን ካፕ በሌላው ውስጥ አትገልብጪ፤ የታጠፈው መስመር ከልብስ ላይ ይታያል።

ሦስት ይኑርሽ፤ አንዱ ታጥቦ፣ አንዱ ተለብሶ፣ አንዱ አርፎ። ላስቲክ ከተለጠጠበት ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በየቀኑ የሚለበስ አንድ ጡት ማስያዣ ቶሎ ያልቃል። ካላላበሽ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለብሰሽ እጠቢው። ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ስትወርጂ ግን በየቀኑ መታጠብ አለበት፤ ለዚያ ውስጡ ጥጥ የሆነ፣ ስፖንጅ የሌለውን ምረጪ። ከሦስቱ አንዱ የቆዳሽ ቀለም ይሁን። ለጥምቀት ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ስትለብሺ ነጭ ጡት ማስያዣ ከሥሩ ወለል ብሎ ይታያል፤ ቆዳሽን የሚመስለው ቡናማ ግን አይታይም።

ስለ ካንሰሩ፦ አያመጣም፤ ሽቦ ያለውም የሌለውም። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆኑ ከ1,500 በላይ ሴቶችን ጠይቀው ነበር። ስንት ሰዓት ትለብሳለች፣ ሽቦ አለው ወይ፣ በስንት ዓመቷ ጀመረች፣ ካፑ ስንት ነው ብለው ካንሰር የያዛቸውንና ያልያዛቸውን አነጻጽረው ምንም ግንኙነት አላገኙም። ለብሶ መተኛትም ጉዳት የለውም፤ ጡትን ከመውደቅም አያድንም። ጡት የሚወድቀው በዕድሜ፣ በእርግዝና፣ ክብደት በመጨመርና በመቀነስ፣ በሲጋራም ነው። ለሌሊት የሚመችሽ ከሆነ ሽቦ የሌለውን ላላ ያለ ልበሺ። የምታጠባ ሴት ግን በሽቦም ይሁን በጠባብ ጨርቅ ጡቷን መጫን የለባትም፤ ወተቱ በአንድ ቦታ ሲታገድ ያብጣል፣ ያቃጥላል።

ከጡት ሥር ቆዳ ቀልቶ የሚያሳክክሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ላብና መፋተግ ነው። ታጥበሽ በደንብ አድርቂው፣ የጥጥ ልበሺ፤ በአንድ ሳምንት ካልቀነሰ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ታዪ። ልክ የሆነ ጡት ማስያዣ ለብሰሽም በአንድ ቦታ የሚቀጥል ሕመም፣ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካየሽ ግን የጡት ማስያዣ ጉዳይ አይደለም። ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊመሩሽ ይችላሉ። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር ነው፣ ቀድሞ ሲደረስበት ደግሞ ይታከማል።

ቀበቶው በጣም በሚጠበው ዓይን ተይዞም ከኋላ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ዘመኑ አልፏል። ከመጣልሽ በፊት ጋንቾውን ከነጨርቁ፣ ቀለበቶቹንና የማንጠልጠያ ማሳጠሪያዎቹን ቆርጠሽ አስቀምጪ። ሌላው ሲበላሽ ልብስ ሰፊው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እነዚህን ነው።